ዓሣ ልንገዛ ወጥተን

ከሲልቨር ስፕሪንግ ባልቲሞር በመኪና ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። መንገዱ ሰፊ፣ ግራና ቀኙ ደን ነው። እኔ ግን የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ዛፉንም መንገዱንም ብዙ አላየሁትም። ከኋላ ወንበር አጠገቤ የተቀመጠው የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሲያነብልኝ ነበር የደረስነው።

«አባባ፣ ስማ። ይሄኛው ሲያድግ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የእኛ ገንዳ ስልሳ ነው። ግማሹን እሱ ብቻውን ይሞላዋል ማለት ነው።»

(«አንቱ» ማለትን እናቱ ብታስተምረውም እንግሊዝኛው ላይ ስለሌለ ይረሳዋል። እኔም መቆጣቱን ትቼዋለሁ።)

ነገሩ የተጀመረው እኔ ከአዲስ አበባ ከመድረሴ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ለልደቱ 75 ሊትር የሚይዝ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ተገዛለት፤ ያውም የባሕር ዓሣ የሚኖርበት፣ የጨው ውኃ ገንዳ። አባቱ ቸር ሰው ነው፤ ገንዳውን፣ ጨውን፣ መብራቱንና ማጣሪያውን በአንድ ቀን ገዝቶ ገባ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ዓሣ መጣች። ልጆች ሁሉ «ዶሪ» የሚሏት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የኔሞ ፊልም የታወቀችው፣ ሰማያዊ ገላና ቢጫ ጅራት ያላት ናት። የዓሣው ትክክለኛ ስም ብሉ ታንግ ነው። የክብሪት ቀፎ ታክል ነበር አሉ። ሻጩም «ትንሽ ናት፣ አታስቸግርም» ብሎ በውኃ በተሞላ ላስቲክ አስሮ ሰጣቸው።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሞታ ተገኘች። ልጁ በጆሮ ማዳመጫ ካርቶን አድርጎ ከግቢው ዛፍ ሥር ቀበራት።

እኔ ስደርስ ገንዳው ሳሎን ውስጥ መብራቱ በርቶ፣ ውኃው ጥርት ብሎ፣ ውስጡ ግን ማንም የለበትም። ልጁ በዚያ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። ማታ እናቱ ቡና እያፈላች በዝግታ ነገረችኝ፦ «አባዬ፣ ‹እኔ ነኝ እንዴ የገደልኳት?› ብሎ ጠየቀኝ። ምን እንደምመልስለት ጨነቀኝ።»

ወላጅ የሆነ ሰው ይህን ጭንቀት ያውቀዋል። «አይ፣ አንተ አይደለህም» ቢሉት እውነቱ ግማሽ ነው። «አዎ» ማለት ደግሞ ጭካኔ ነው። ልጄ ሁለቱንም ሳትል ቀረች። በማግሥቱ ሰማያዊውን ደብተር ገዝታ ሰጠችውና «ለምን እንደሞተች አብረን እንወቅ። ይሄ ደብተር ስለ ዓሣ እስኪሞላ ድረስ ሌላ ዓሣ ወደዚህ ቤት አይገባም» አለችው። የምርምሩ ረዳት ሆኜ የተሾምኩት እኔ ነኝ፤ ጡረተኛ ሌላ ምን ሥራ አለው?

ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አራት መጽሐፍ ተዋስን። እሱ ያነባል፣ እኔ መነጽሬን አድርጌ ሥዕሉን አያለሁ፣ ያልገባኝን እጠይቃለሁ። መጀመሪያ የገባን ነገር ስለ ውኃው ነው። ዓሣ በሚኖርበት ውኃ ውስጥ ይጸዳዳል፤ ከዚያም አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። በባሕር ውስጥ ውኃው ብዙ ስለሆነ ይበተናል። በገንዳ ውስጥ ግን መርዙን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች መራባት አለባቸው። ለዚህም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ገንዳው ለተመልካች ባዶ ይመስላል እንጂ ሥራ ላይ ነው። «አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም፤ ይሄም እንደዚያው ነው» አልኩት። እናቱ ማሟሸት ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ብዙ ደከመች። የእሷ ምጣድ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ከመደብር ተገዝቶ የመጣ ነው።

እንግዲህ ዶሪ የገባችው ባልተሟሸ ምጣድ ላይ ነበር። ልጁ ይህን በደብተሩ ከጻፈ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ሰውየው ይሄን አያውቅም ነበር?» አለኝ። ሳያውቅ ይሆናል ማለት ከበደኝ፤ አውቆ ነው ማለትም ከበደኝ። «አልጠየቅነውም» አልኩት።

ሌላም የተማርነው ነገር አለ። ሰው ትንሽ ገንዳ ለጀማሪ ይቀላል ይላል፤ ተገላቢጦሽ ነው። ትንሽ ድስት ቶሎ እንደሚያር፣ ትንሽ ውኃም ቶሎ ይበላሻል። ውኃው ሲተን ጨው ወደኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ የጎደለው በጨው ውኃ ሳይሆን በንጹሕ ውኃ ይሞላል። ይህን ባለማወቅ ዓሦቻቸውን በጨው ብዛት የሚጎዱ ብዙ ናቸው። የጨው ውኃ የሚባለውም የወጥ ቤት ጨው የተነሰነሰበት አይደለም። የባሕር ውኃ ማዕድናት የተመጠኑበት ልዩ ጨው ነው፤ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ይገባል።

ወደ ባልቲሞር የሄድነው ውኃው ገና በሦስተኛ ሳምንቱ ላይ እያለ ነው። የእናቱ ሐሳብ ነበር፤ «ከመግዛታችሁ በፊት ያደጉትን ሄዳችሁ እዩአቸው» ብላ።

ባልቲሞር የወደብ ከተማ ናት። ኢነር ሃርበር በሚሉት የወደቡ ክፍል ዳር አሮጌ ሰርጓጅ መርከብ ታስሮ ቆሟል፤ ከአጠገቡ ጣሪያው የመስታወት ፒራሚድ የሆነ ትልቅ ሕንፃ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1981 የተከፈተው ብሔራዊ አኳሪየም ይህ ነው። ገና እንደገቡ ብላክቲፕ ሪፍ የሚባለውን ሰፊ ገንዳ ከላይ ወደታች ያዩታል። የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር የተቀባ የሚመስል ሻርኮች ከኮራሉ በላይ ይዞራሉ። አንድ ሚሊዮን ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል። ልጁ ወዲያው ስልክ ተቀብሎ አካፈለ፦ የእኛ ገንዳ ከ13,000 ጊዜ በላይ ማለት ነው።

ሕንፃው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከመስታወቱ ፒራሚድ ሥር ወፍና ዝንጀሮ ያለበት፣ ወበቁ ጅማን የሚያስታውስ ጫካ አለ። ከዚያ በክብ ገንዳ መሐል እየተጠማዘዙ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ዓሦቹ በዙሪያዎ ይዋኛሉ። እኔን የገረመኝ ጸጥታው ነው። ያ ሁሉ ሕዝብና ሕፃን በሹክሹክታ ነው የሚያወራው፤ ቤተ ክርስቲያን የገባን ይመስል ነበር።

ልጁ የቆመው ከአንድ ዓሣ ፊት ነው። ከዶሪ ዘመዶች አንዱ፣ ሰርጀንፊሽ የሚባሉት ወገን ነው። ስማቸው የመጣው ከጅራታቸው ሥር እንደ ቀዶ ሐኪም ምላጭ ስለት ስላላቸው ነው። ዓሣው የምሳ ሰሃን ያክላል። ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ ይወረወራል፣ እኛ አንገታችንን እስክናዞር ከእይታ ይጠፋል፣ ቆይቶ ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣል። እንደዚህ ያለ ዓሣ ቀኑን ሙሉ ይዋኛል። ልጁ ሁለት እጁን ዘርግቶ የቤቱን ገንዳ ርዝመት ለካ፤ እጆቹን አጠገብ ላጠገብ አድርጎ ደግሞ ዓሣውን ለካ።

«በሕይወት ብትኖርም ኖሮ፣ ለእሷ ጥሩ አልነበረም» አለ።

ብሉ ታንግ ሲያድግ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። መጻሕፍቱ ከ400 ሊትር በታች አታስቡት ይላሉ፤ አብዛኞቹ ከዚያም እጅግ የበለጠ ይፈልጋሉ። ደግሞ ለሽያጭ የሚቀርቡት ከባሕር የሚያዙት ናቸው ማለት ይቻላል፤ በእርባታ ማሳደግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቻለው እ.ኤ.አ. በ2016 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነው።

ስንመለስ መንገድ ላይ ካለ አንድ የባሕር ዓሣ መሸጫ ገባን። በመግዛት ሳይሆን በመጠየቅ ስም ነበር የገባነው። ሱቁ ጠባብና ጨለማ ነው፤ ግድግዳው በሙሉ ሰማያዊ ብርሃን ባላቸው ገንዳዎች ተሞልቷል። ባለቤቱ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። ልጁ ደብተሩን ሲከፍት አይቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ጠይቀኝ» አለው።

ማንዳሪን የሚባለው ዓሣ ዓይን ይስባል፤ ሰማያዊና ብርቱካን ቀለሙ የሐረር ልብስ ይመስላል። ልጁ ግን አስቀድሞ በደብተሩ ሰርዞታል። ማንዳሪን የሚበላው በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ፣ በድንጋይ ላይ የሚርመሰመሱ ነፍሳትን ነው። በአዲስና በትንሽ ገንዳ ውስጥ እነዚህን በጥቂት ቀን ይጨርስና ከዚያ ቀስ በቀስ በረሃብ ይሞታል፤ ሰዎቹ ደግሞ ምግብ እየበተኑለት ለምን እንደከሳ ይገረማሉ። ዳምዘል የሚባሉት ትናንሽ ሰማያዊ ዓሦች ርካሽና ጠንካራ ናቸው፣ በቀላሉ አይሞቱም። ነገር ግን ሲለምዱ ገንዳውን የእኔ ነው ይላሉ፤ ከእነሱ በኋላ የገባውን ሁሉ እየነከሱ ያባርራሉ። ባለቤቱ ሳቀና «እኔ ራሴ በጀማሪነቴ የገዛሁት እሱን ነው። ለመያዝ ድንጋዩን በሙሉ አውጥቻለሁ» አለ።

ላየንፊሽ የሚሉት የአንበሳ ጋማ የመሰለ ክንፍ ያለውም ነበር። እሾሁ መርዛም ነው፤ አፉ የሚችለውን ዓሣ ሁሉ ይውጣል። የዚህ ዓሣ ወገን መኖሪያው ቀይ ባሕር፣ ህንድ ውቅያኖስና ፓስፊክ ውቅያኖስ ነበር። አሁን ግን በፍሎሪዳና በካሪቢያን ባሕሮች ተራብቶ የአገሩን ዓሣ እየፈጀ ነው። ሰዎች ሲያስቸግራቸው ከገንዳቸው አውጥተው ባሕር ውስጥ እንደለቀቁት ይታመናል። «ስለዚህ የማይፈለግ ዓሣ አይለቀቅም» ብሎ ልጁ ጻፈ፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

እኔን ያቆመኝ ግን ጥግ ላይ የነበረ ገንዳ ነው። ውስጡ ያለው ዓሣ ገላው ወይን ጠጅ፣ ጅራቱ ቢጫ ነው። አየሁትና አወቅሁት።

በ1965 ዓ.ም. ወጣት አስተማሪ ሆኜ ምፅዋ ተመድቤ ነበር። ምፅዋ ዛሬ የኤርትራ ናት፤ ያኔ እኛ ወጣቶቹ በሙቀቱ እየተማረርን እሑድ እሑድ በጀልባ አረንጓዴ ደሴት ወደምትባለው ትንሽ ደሴት እንሻገር ነበር። ውኃው እንደ ጠበል የጠራ ነው። ከጀልባው ጫፍ ጎንበስ ስል ከታች ኮራሉ እንደ አበባ ማሳ ይታየኛል፤ በላዩ ደግሞ ይህ ወይን ጠጅ ዓሣ ሦስት አራት ሆኖ ያልፋል። ስሙን የሚያውቅ አላገኘሁም። አሳ አጥማጆቹ ለመብል የማይረባውን ስም አይሰጡትም። እኔም ተመድቤ ሌላ አገር ሄድኩ፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነው፤ ባሕሩንም ዳግመኛ አላየሁት።

«ስሙ ማን ነው?» አልኩ።

«ፐርፕል ታንግ። ከቀይ ባሕር ነው» አለ ባለቤቱ። ዋጋው ከ300 ዶላር በላይ ተጽፎበታል።

እውነቱን ልናገር፤ እጄ ወደ ኪሴ ገባ። ልጄ ለመንገዴ ብላ የሰጠችኝ ገንዘብ ነበር። ለልጁ ስጦታ ብዬ ብገዛው፣ እኔ ስመለስ አዲስ አበባ ሆኜ በስልክ እያየሁት፣ አያት ከልጅ ልጁ ጋር የሚጫወትበት ነገር ይሆናል ብዬ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁሉን ጨረስኩት። «ይሄን እንውሰድ» አልኩት።

ልጁ ፊቴን አየ። ከዚያ ደብተሩን አየ። ገጽ ሲገልጥ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ለእኔ እምቢ ማለት አልለመደም።

«አባባ… ታንግ ነው» አለ። «ከሃያ ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል። እንደ ዶሪ ነው።»

ባለቤቱ ትልቅ ሽያጭ ሊያመልጠው እንደሆነ እያወቀ ዝም ብሎ ተመለከተ። በኋላም «ልጁ ልክ ነው። ለዚያ ገንዳ አልሸጥላችሁም» አለ። ይህን ሰው አመሰገንኩት። ሆኖም መኪናው ውስጥ ገብቼ ለጥቂት ጊዜ አላወራሁም፤ ልጁም ቀስ ብሎ እጁን እጄ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አጥፍቷል ብሎ አስቦ እንደሆነ ገባኝና «ስሙን ስላወቅሁልህ ደስ ብሎኛል» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ግን ቅር ብሎኝም ነበር።

ያን ቀን የገዛነው ዓሣ ሳይሆን የውኃ መመርመሪያ ነው፤ በትንሽ ብልቃጥ ውኃ ቀድቶ ጠብታ ሲጨመርበት የአሞኒያውን መጠን በቀለም ያሳያል። በየሁለት ቀኑ ማታ ማታ ሦስታችን ብርሃን ላይ እየያዝን «አረንጓዴ ነው»፣ «የለም፣ ቢጫ ነው» እየተባባልን እንከራከራለን። የእኔ ዓይን አይታመንም፤ ድምፅ የምሰጠው ለማሟያ ያህል ነው። በስድስተኛው ሳምንት አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሆነ።

ከሳምንት በኋላ ወደ ሸበቶው ሱቅ ተመለስን። በደብተሩ ላይ ያልተሰረዙት ሦስት ዓይነት ብቻ ቀርተዋል። የተመረጡት ሁለት ክላውንፊሾች ናቸው፤ ፊልሙ ላይ «ኔሞ» የተባለው ብርቱካናማውና ባለ ነጭ መቀነቱ። ሲያድጉ ከ10 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጡም፣ ሰው የሚሰጣቸውን ምግብ ይበላሉ፣ ብዙ ቦታም አይዞሩም። ልጁ ሦስት ጥያቄ ጠየቀ፦ በእርባታ የተወለዱ ናቸው ወይስ ከባሕር የተያዙ? እዚህ ስንት ቀን ቆዩ? ሲበሉ ማየት እችላለሁ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ ዓሣ ለገንዳ የሚያጠምዱ አንዳንድ ሰዎች ኮራሉ ላይ ሳያናይድ ይረጫሉ፤ ዓሣው ሲደነዝዝ በእጅ ይለቅማሉ። ኮራሉ ይሞታል፤ ዓሣውም ለጊዜው ድኖ ቢሸጥ ብዙ ጊዜ ከሳምንታት በኋላ ያልቃል። ገዢው ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ያስባል። እነዚህ ክላውንፊሾች ግን እዚያው አሜሪካ በእርባታ የተወለዱ ናቸው። ባለቤቱ ቁንጥር ምግብ ጣለላቸው፤ ሁለቱም ተሻምተው በሉ። ልጁ ምልክት አደረገ።

ክላውንፊሾች ሁሉ ሲወለዱ ወንድ ናቸው። አብረው ከሚኖሩት ውስጥ ትልቁና ኃይለኛው ሴት ይሆናል፤ ሴቷ ከሞተች ቀጣዩ ወንድ ተለውጦ በእሷ ቦታ ይገባል። ይህን ልጁ ሲነግረኝ «ተው እንጂ!» ብዬው ነበር፤ በሁለት መጽሐፍ አሳየኝ። ቀይ ባሕርም የራሱ ክላውንፊሽ እንዳለው፣ ነጭ መቀነቱ ሁለት ብቻ እንደሆነ፣ ውኃውም ከሌላው ውቅያኖስ ይልቅ ጨዋማ እንደሆነ፣ በሊትር ወደ 40 ግራም እንደሚደርስ ነገረኝ። ሁለት ዓመት በባሕሩ ዳር ኖሬ ያወቅሁት ነገር ቢኖር ውኃው ዓይን እንደሚያቃጥል ብቻ ነው።

እናቱን ያሳሰባት ሌላ ገጽ ነው። በእንክብካቤ የተያዘ ክላውንፊሽ ከ20 ዓመት በላይ የኖረበት ጊዜ አለ። «ኮሌጅ ሲገባ ማን ሊያበላቸው ነው?» አለች። አባቱ ወደ ጣሪያ አየ። ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ሦስተኛውን ዓሣ ልጁ እስካሁን አልገዛም፤ የሚጠብቀው ባንጋይ ካርዲናል የሚባለውን ነው። በተፈጥሮ የሚገኘው በኢንዶኔዥያ ባንጋይ ደሴቶች አካባቢ ነው፤ ለገንዳ ተብሎ ብዙ ስለተጠመደ ተመናምኗል። ስለዚህ በእርባታ የተወለደ ካልሆነ አልወስድም ብሏል። አባትየው ዕንቁላሉን በአፉ ይዞ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ምግብ ሳይቀምስ ጫጩቶቹን የሚያሳድግ ዓሣ ነው። ይህን ለልጄ ባል ስነግረው «እኔም ለአንዲት ዓሣ ብዬ ስንት ቀን ነው የተጾምኩት» ብሎ አሳቀን።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ አንዲት ጎረቤቴ ለልጅ ልጃቸው ልደት ዓሣ ልግዛ ብለው አብረን ሄድን። እዚህ የጨው ውኃ ጣጣ የለም፤ ሱቁ ያለው የጣፋጭ ውኃው ወርቃማ ዓሣ ነው። ሻጩ ክብ ብርጭቆ መሳይ ዕቃ ውስጥ አንዱን አድርጎ አቀረበ። ወርቃማ ዓሣም ቦታ ካገኘ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ እንደሚያድግና ከአሥር ዓመት በላይ እንደሚኖር ከልጁ ደብተር አንብቤ ነበርና «ይሄ ስንት ያድጋል?» አልኩት።

ወጣቱ ሳቀ። «አባባ፣ ዓሣ እኮ ነው» አለኝ።

ማታ ይህን ለልጅ ልጄ በስልክ ነገርኩት። አልሳቀም። «ታዲያ ገዙት?» አለኝ።

አልገዙትም። የቀለም እርሳስና ኬክ ይዘው ገቡ፤ ልጅቷ ግን አሁንም ዓሣ ትላለች። ጎረቤቴም ትናንት በር አንኳኩተው፣ ሰፋ ያለ ገንዳ ስንት ሊትር ቢሆን ይበቃል ብለው ጠየቁኝ። «ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው።